ልጅ ብቻዬን እያሳደግኩ አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ብገባስ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ልደት ቤት፣ የሃበሻ ሱቅ እንጀራ ስንጠብቅ፣ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል። «ልጄን ብቻዬን ነው የማሳድገው። ነርሲንግ መማር እፈልጋለሁ። ሥራ ከቀነስኩ ግን ምን እንበላለን?» እኔም በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። የሦስት ዓመት ልጅ አስተኝቼ ነበር አናቶሚ የማጠናው። ስለዚህ የሚጠየቀውን ሰብስቤ ጻፍኩት። «አንቺ» እያልኩ ነው የምጽፈው፤ እህቴን እንደማዋራ ቁጠሩት። አባቶችም አንብቡት፤ እናንተንም አልረሳሁም።

አንድ ነገር ያዙልኝ። እዚህ ያለው በአብዛኛው የፌደራል ሕግ ነው። ስቴቶች ከላዩ የራሳቸውን ይጨምሩበታል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውና ዳላስ ያለችው አንድ ዓይነት መልስ ላያገኙ ይችላሉ።

ተማሪ ከሆንሽ እርዳታ አይሰጥሽም የሚባለው እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ችግር የሚፈጥረውም ግማሽ መሆኑ ነው። ፉድ ስታምፕም (የመንግሥት የምግብ መግዣ እርዳታ)፣ አንዳንድ ኪራያቸው የተቀነሰ አፓርታማዎችም ተማሪን የሚከለክል አንቀጽ አላቸው። አንቀጹ የታሰበው ወላጆቹ እየደጎሙት ዶርም ለሚኖር ወጣት ነው። እዚያው ሥር ግን ልጅ ብቻውን የሚያሳድግ ተማሪን ነፃ የሚያወጣ መስመር አለ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ የመጀመሪያውን መስመር ታስታውሳለች። ሁለተኛውን የምታስታውሻት አንቺ ነሽ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ?

እኔን አንዷ «ተማሪ ነሽ፣ አይገባሽም» ብላ መለሰችኝ። አመንኳት። ሁለት ወር ሙሉ ምስርና ሩዝ እየቀቀልን ከረምን። ሕጉን ያወቅኩት ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጥ የሳልቫዶር ልጅ ነግራኝ ነው።

ከየት ልጀምር?

ከፋፍሳ። የፌደራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ነው። በኢንተርኔት በነፃ ይሞላል። «በ100 ዶላር እሞላልሻለሁ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ፣ ኮሌጁ ውስጥ ያለው የፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮ በነፃ ቁጭ ብሎ እንደሚያግዝሽ እወቂ።

ፋፍሳ የሚያየው የዛሬ ገቢሽን አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ታክስ ነው። ለ2026-27 የትምህርት ዘመን የ2024 ታክስ ማለት ነው። ያኔ ሙሉ ጊዜ ትሠሪ ከነበረና አሁን ሰዓት ከቀነስሽ፣ ወይም ከፍቺ በፊት የሁለታችሁ ገቢ አንድ ላይ ከነበረ፣ ወረቀቱ ላይ ሀብታም ትመስያለሽ። ቢሮውን «ሁኔታዬ ተለውጧል፣ እንደገና እዩልኝ» ማለት ትችያለሽ። ሕጉ ለኃላፊዎቹ ቁጥሩን የማስተካከል ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ማስረጃ ይጠይቁሻል፦ የፍቺ ወረቀት፣ ከሥራ የወጣሽበት ደብዳቤ፣ የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ወረቀት።

ቶሎ ሙዪው። አንዳንድ የስቴት ገንዘብ ቀድሞ ለመጣ ነው። ሜሪላንድ ለምሳሌ ማርች 1 ቀን ትዘጋለች።

ዕድሜዬ 21 ነው፣ ልጅ አለኝ፣ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። የእናቴን ገቢ መሙላት አለብኝ?

የለብሽም፤ የልጅሽን ወጪ ከግማሽ በላይ የምትሸፍኚው አንቺ ከሆንሽ። በመደበኛው ከ24 ዓመት በታች ያለ ያላገባ ተማሪ በወላጅ ሥር ይቆጠራል። ልጅ ያላት ግን በ19 ዓመቷም ራሷን የቻለች ናት። የእናትሽ ደመወዝ ከስሌቱ ይወጣል። በዚህ አንድ መስመር ምክንያት ከዜሮ ወደ ሙሉ እርዳታ የተሻገሩ ልጆች አውቃለሁ።

ግን ጥንቃቄ አድርጊ። ኪራዩንም፣ ዳይፐሩንም፣ ምግቡንም እናትሽ የምትችለው ከሆነ መልሱ ይለያል።

ፔል ግራንት ስንት ነው? ይመለሳል?

ፔል ግራንት በፋፍሳ በኩል የሚገኝ የፌደራል የትምህርት እርዳታ ነው። አይመለስም፤ ብድር አይደለም። ከፍተኛው በዓመት 7,395 ዶላር ነው። ብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ውስጥ ይህ ገንዘብ ክፍያውን ሸፍኖ ይተርፋል። የተረፈው ተመልሶ ለአንቺ ይሰጣል፤ ተማሪው «ሪፈንድ» የሚለው እሱን ነው። ኪራይ ክፈይበት፣ ሞግዚት ክፈይበት፣ ማንም አይጠይቅሽም።

ልጅ ብቻቸውን ለሚያሳድጉ መስፈርቱ ሆን ተብሎ ሰፋ ተደርጓል። ሌላው ሰው ከፍተኛውን በቀጥታ ለማግኘት ገቢው ከድህነት መስመር 175 በመቶ በታች መሆን አለበት። ለአንቺ 225 በመቶ ነው። ለ2026-27 ሲሰላ፣ እናትና አንድ ልጅ ከሆናችሁ ወደ 46 ሺህ ዶላር፣ ሁለት ልጆች ካሉሽ ወደ 58 ሺህ ዶላር ይመጣል። ስለዚህ «እኔ እኮ እሠራለሁ፣ አይሰጡኝም» ብለሽ አትተይው። ዌርሃውስ ሙሉ ሰዓት የምትሠራ እናት ብዙ ጊዜ ከዚህ በታች ናት።

12 ክሬዲት ከያዝሽ ሙሉውን ታገኛለሽ፣ 6 ከያዝሽ ግማሹን። በጋ (ሰመር) ላይም መውሰድ ይቻላል። በዕድሜ ዘመን የተፈቀደው 12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ነው። አንድ ሴሚስተር ጀምሮ መተው ከዚህ ላይ ይቀንሳል፤ ስለዚህ «እስኪ ልሞክረው» ብለሽ አትመዝገቢ።

ከዚህ ጋር ወርክ ስተዲ ጠይቂ። ካምፓስ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ቢሮ። ሰዓቱ ከትምህርትሽ ጋር ይገጥማል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ፉድ ስታምፑ ላይ እመለስበታለሁ።

ባለቤቴ አዲስ አበባ ቪዛ እየጠበቀ ነው። ልጁን የማሳድገው ብቻዬን ነው። «ሲንግል» ብዬ ልሙላ?

አትሙዪ። ይህ ጥያቄ እኛ ዘንድ በጣም ይበዛል፤ ስህተቱም ውድ ነው። ፋፍሳ ላይ ያገባሽ ነሽ። የሚጠየቀው የጋብቻ ሁኔታሽ ነው፤ ማታ ማን አጠገብሽ እንደሚተኛ አይደለም። ባልሽም የራሱን አካውንት ከፍቶ መፈረም ሊኖርበት ይችላል፤ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ባይኖረውም ይቻላል። ኢትዮጵያ ያገኘው ደመወዝ በዶላር ተመንዝሮ ይሞላል። ተመንዝሮ ሲታይ ደግሞ ብዙም ስለማይሆን አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳሽም። ለኢሚግሬሽን «ባሌ ነው» ብለሽ አመልክተሽ ለኮሌጅ «ባል የለኝም» ካልሽ ግን ሁለት ወረቀትሽ ይጋጫሉ።

ፉድ ስታምፕ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የሚቆጠረው አንድ ቤት ኖሮ አብሮ የሚበላ ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ከማዕድሽ አይቆረስም፤ የሚልክልሽ ገንዘብ ካለ ግን ትናገሪያለሽ።

ታክስ ደግሞ ሦስተኛ ደንብ አለው። ባልሽ በዓመቱ የመጨረሻ ስድስት ወራት ከአንቺ ጋር ካልኖረና ቤቱን የምትይዢው አንቺ ከሆንሽ «የቤተሰብ ኃላፊ» ሆነሽ መሙላት የምትችይበት መንገድ አለ። አንድ ትዳር፣ ሦስት መሥሪያ ቤት፣ ሦስት መልስ። እኔ አላወጣሁትም።

ግሪን ካርድ የለኝም። ምንም አይደርሰኝም ማለት ነው?

በምን ወረቀት እንዳለሽ ይወሰናል።

ጥገኝነትሽ የጸደቀልሽ ከሆነ፣ ወይም በስደተኛነት የመጣሽ ከሆነ፣ ፋፍሳ መሙላት ትችያለሽ። የጥገኝነት ጉዳይሽ ገና በመጠባበቅ ላይ ከሆነ ግን አትችይም። ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ብቻውን አያበቃም። ኤፍ ዋን፣ ማለትም የተማሪ ቪዛም እንዲሁ። አንዳንድ ስቴቶች የራሳቸው ቅጽ አላቸው፤ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ዋስፋ ይባላል። ሲያትል ያላችሁ ስለሱ ጠይቁ።

በዲቪ የመጣሽ ከሆንሽ ደግሞ ሰዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ፔል ግራንት ላይ አምስት ዓመት መጠበቅ የለም። ግሪን ካርድ ከያዝሽበት ቀን ጀምሮ ትበቂያለሽ። አምስት ዓመቱ ያለው ፉድ ስታምፕና ካሽ እርዳታ ላይ ነው፤ ሜዲኬይድም (የመንግሥት የጤና ሽፋን) ለአዋቂ በብዙ ስቴት እንደዚያው ነው። እሱም ቢሆን ፉድ ስታምፕ ላይ ከ18 ዓመት በታች ያለ ግሪን ካርድ ያለው ልጅ አይጠብቅም። አንቺ ባይሰጥሽም ለልጅሽ ታመለክቻለሽ። አሜሪካ የተወለደ ልጅማ ዜጋ ነው።

በ2025 የወጣው ትልቁ የበጀት ሕግ ፉድ ስታምፕን አጥብቦታል። ግሪን ካርድ ያላገኙ ስደተኞችና ጥገኝነት የተሰጣቸው ሰዎች ከዝርዝሩ ወጥተዋል። «ጓደኛዬ እኮ አምና ወስዳለች» የሚለው ከእንግዲህ አይሠራም።

ፉድ ስታምፕ ለተማሪ እንዴት ነው የሚሠራው?

ከ18 እስከ 49 ዓመት ያለ፣ ግማሽ ጊዜና ከዚያ በላይ የሚማር ሰው በመርህ ደረጃ አይሰጠውም። ነፃ ከሚያወጡት ምክንያቶች አንዱን ካሟላ ግን ይሰጠዋል። ለአንቺ የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው።

ልጅሽ ከ6 ዓመት በታች ከሆነና የምትንከባከቢው አንቺ ከሆንሽ፣ በቃ፣ ነፃ ነሽ።

ልጅሽ ከ12 ዓመት በታች ከሆነና ብቻሽን እያሳደግሽ ሙሉ ጊዜ የምትማሪ ከሆነ፣ አሁንም ነፃ ነሽ። «ሙሉ ጊዜ» የሚለውን አስምሪበት። የ8 ዓመት ልጅ ያላት እናት «እንዳይከብደኝ» ብላ ከ12 ክሬዲት ወደ 9 ስትወርድ፣ ሳታውቀው ይህን በር ትዘጋዋለች። ያኔ ሌላ በር መፈለግ አለባት፦ በሳምንት 20 ሰዓት ደመወዝ ያለው ሥራ፣ ወይም ወርክ ስተዲ። ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይህን ነው። ወርክ ስተዲ ተሰጥቶሽ እየሠራሽ ከሆነ 20 ሰዓት ባይሞላም ነፃ ያወጣሻል።

ፔል ግራንትና የፌደራል ተማሪ ብድር እንደ ገቢ አይቆጠሩም። ሠራተኛዋ «በዚህ ሴሚስተር 3 ሺህ ዶላር አግኝተሻል» ብላ ከደመረችብሽ ተሳስታለች።

ማመልከቻሽ እስከ 30 ቀን ሊወስድ ይችላል። እጅሽ ላይ ምንም ከሌለ «አስቸኳይ ነው» በይ፤ በ7 ቀን የሚሰጡበት አሠራር አለ። ከከለከሉሽ ደብዳቤውን አትጣይ። በ90 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችያለሽ። ቀጠሮው ላይ የኮሌጅሽን የምዝገባ ወረቀትና የልጅሽን የልደት ምስክር ወረቀት ይዘሽ ሂጂ። እኔ ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ የሕጉን ገጽ አትሜ ነበር። አሳየኋት። አነበበችው። «እሺ» አለች። አሥር ደቂቃም አልፈጀ።

ዊክስ?

ዊክ ለእናቶችና ለሕፃናት የሚሰጥ የምግብ እርዳታ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ከወለድሽ ቅርብ ከሆነ፣ ወይም ልጅሽ 5 ዓመት ካልሞላው ሂጂ። ወተት፣ እንቁላል፣ አትክልት፣ የሕፃን ፎርሙላ ነው የሚሰጡት። ተማሪ መሆንሽ አያገባቸውም። ፉድ ስታምፕ ወይም ሜዲኬይድ ካለሽ የገቢ መስፈርቱን እንዳሟላሽ ይቆጠራል።

ክፍል ስገባ ልጄን ማን ይይዝልኛል?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ብዙዎቻችን ትምህርት ያቆምነው በክፍያ አይደለም፣ ልጅ የሚይዝ በማጣት ነው።

መጀመሪያ የስቴትሽን የዴይ ኬር ድጎማ ጠይቂ። ስሙ ይለያያል፤ ሜሪላንድ «ቻይልድ ኬር ስኮላርሺፕ» ይሉታል፣ ዋሽንግተን ስቴት «ወርኪንግ ኮኔክሽንስ»። ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ነው። መሥራት ብቻ ሳይሆን መማርም ብዙ ቦታ ያስቆጥራል፤ አንዳንድ ስቴት ግን ከትምህርቱ ጋር ሥራ እንዲኖርሽ ይጠይቃል። በዚህ ድጎማ የሚታየው የልጁ ወረቀት ነው፣ የአንቺ አይደለም። ችግሩ ወረፋው ነው። ልክ ኮሌጅ ለመግባት እንዳሰብሽ ተመዝገቢ፤ ትምህርት ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው አይሆንም።

አያት ልጁን ብትይዝስ? በብዙ ስቴት ዘመድም በዚሁ ድጎማ ሊከፈለው ይችላል፤ የወንጀል ማጣሪያና አጭር ሥልጠና ይኖራል። ግን እማማ ልትጠይቅሽ በጎብኚ ቪዛ የመጣች ከሆነ እንዳትሞክሪው። በጎብኚ ቪዛ ደመወዝ መቀበል አይፈቀድም፤ የሚጎዳው የእሷ ቪዛ ነው። የልጅ ልጇን ብትጠብቅ ማንም ምንም አይልም። ቼክ በስሟ ሲወጣ ነው ነገሩ የሚመጣው።

ሄድ ስታርት የሚባለው የትንንሽ ልጆች ቅድመ ትምህርት ነፃ ነው። ከልደት እስከ 3 ዓመት «ኧርሊ ሄድ ስታርት»፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ደግሞ ዋናው። ፉድ ስታምፕ የምታገኝ ቤተሰብ የገቢ መስፈርቱን ታሟላለች። ዲሲ የምትኖሪ ከሆነ ዕድለኛ ነሽ፤ የሕዝብ ትምህርት ቤቶቹ ከ3 ዓመት ጀምሮ በነፃ ይቀበላሉ። ዕጣ ስላለው ቀኑ እንዳያልፍሽ። የዲሲን ኪራይ ስንሰማ የምናማርር ሰዎች የዴይ ኬሩን ዋጋ ስንቀንስለት ሒሳቡ ሌላ ይሆናል።

ከዚያ ኮሌጅሽን ጠይቂ። ፔል ለሚበቁ ወላጆች ዴይ ኬር የሚደጉም «ሲካምፒስ» የተባለ የፌደራል ገንዘብ አለ። የሚሰጠው ለኮሌጁ ስለሆነ ሁሉም ጋ የለም። ባይኖርም ሌላ ነገር ጠይቂ፦ «የዴይ ኬር ወጪዬን የትምህርት ወጪዬ ላይ ደምሩልኝ» በያቸው። ፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮው እያንዳንዱ ተማሪ በዓመት ምን ያህል እንደሚያስፈልገው የሚያሰላበት ጣሪያ አለው። የልጅ መንከባከቢያ እዚያ ውስጥ እንዲገባ ሕጉ ይፈቅዳል። ካልጠየቅሽ ግን በራሱ አይገባም። ጣሪያው ከፍ ሲል ተጨማሪ ግራንት፣ ስኮላርሺፕ ወይም ብድር የሚገባበት ቦታ ይኖራል።

ካሽ እርዳታ ልውሰድ?

ታንፍ ማለትሽ ነው። ሜሪላንድ «ቲሲኤ» ትለዋለች። ሌላ መንገድ ካለሽ መጨረሻ ላይ አስቀምጪው፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው። በፌደራል ገንዘብ በዕድሜሽ 60 ወር ብቻ ነው የተፈቀደው። የሥራ ግዴታ አለው፦ ልጅሽ ከ6 ዓመት በታች ከሆነ በሳምንት 20 ሰዓት፣ ካልሆነ 30። የሙያ ትምህርት እንደ ሥራ የሚቆጠረው በአጠቃላይ እስከ 12 ወር ነው። ለአጭር የነርስ ረዳት ኮርስ ይመቻል፤ ለአራት ዓመት ዲግሪ አይበቃም።

ታንፍ ስትወስጂ የልጁን አባት ቻይልድ ሰፖርት (የልጅ ማሳደጊያ) እንዲከፍል ስቴቱ ይከተለዋል። አንቺም መተባበር ግዴታሽ ነው። ከሚከፍለውም ስቴቱ ብዙውን ለራሱ ሊያስቀር ይችላል። ሰውዬው የሚያስፈራሽ ከሆነ፣ መትቶሽ ከሆነ፣ ንገሪያቸው። ከመተባበር ግዴታ የሚያወጣሽ ደንብ አለ፤ አድራሻሽም እንዳይገለጽ መጠየቅ ትችያለሽ።

ቻይልድ ሰፖርት ታንፍ ሳትወስጂም በራስሽ መጠየቅ ትችያለሽ። «ነውር ነው፣ ሽማግሌ ይጨርሰው» የሚሉሽ ይኖራሉ። ሽማግሌ ይናገር፣ ጥሩ ነው። ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ የሌለው ስምምነት አባትየው ስቴት ሲቀይር ወይም ሌላ ቤት ሲመሠርት ይረሳል።

አፎርደብል አፓርታማ አከራዩ «ሙሉ ጊዜ ተማሪ አንቀበልም» አለኝ። ይችላል?

በታክስ ክሬዲት የተሠሩት አፓርታማዎች እንዲህ ያለ ደንብ አላቸው። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት በሙሉ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች ከሆኑ አይፈቀድም። ወጥመዱ ምን መሰለሽ? የአንደኛ ክፍል ልጅሽም ሙሉ ጊዜ ተማሪ ተብሎ ይቆጠራል! አንቺ ኮሌጅ፣ ልጁ ትምህርት ቤት፣ ቤቱ በሙሉ ተማሪ ሆነ ማለት ነው።

ግን ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ እናት ከነልጇ ነፃ ናት። መስፈርቱ አንቺ በሌላ ሰው ታክስ ላይ ጥገኛ ሆነሽ አለመመዝገብሽ ነው። ልጁም እንደዚሁ፤ አባቱ ቢያስመዘግበው ግን አይጎዳሽም። ወንድምሽ «ታክስ ላይ ላስገባሽ፣ ሪፈንዱን እንካፈላለን» ካለሽ ይህን አስታውሺ። ታንፍ የሚወስድ ሰውም ነፃ ነው። ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቂው፣ የታክስ ወረቀትሽን ቅጂ አያይዢ።

ሴክሽን ኤይትም (የመንግሥት የኪራይ ድጎማ) ከ24 ዓመት በታች ባሉ ተማሪዎች ላይ ያጠብቃል፤ ልጅ ያላትን ግን አይነካም። እሱ ጋ ጠላትሽ ወረፋው ነው።

ታክስ ላይ ምን አገኛለሁ?

ከሠራሽ፣ ብዙ። በ2025 ገቢ ላይ የተገኘ ገቢ ክሬዲት የሚባለው ለአንድ ልጅ እስከ 4,328 ዶላር፣ ለሁለት ልጆች እስከ 7,152 ዶላር ይደርሳል። የልጅ ክሬዲት ደግሞ ለአንድ ልጅ እስከ 2,200 ዶላር ነው፤ ታክስ ባይኖርብሽም ከዚያ ውስጥ እስከ 1,700 ዶላር በእጅሽ ሊገባ ይችላል። ለሁለቱም ለሥራ የሚያገለግል ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ያስፈልጋል። የኮሌጅ ክሬዲትም አለ፣ እስከ 2,500 ዶላር፤ ፔል ሙሉውን ክፍያ ከሸፈነልሽ ግን የሚቀር ወጪ ላይኖር ይችላል።

ምንም ሳትሠሪ ትምህርት ብቻ ከሆነ የተገኘ ገቢ ክሬዲት የለም። ስሙ ራሱ ይናገራል። በሳምንት ጥቂት ሰዓት መሥራት ከደመወዙ በላይ የሚከፍልበት ጊዜ ያለው ለዚህ ነው።

ልጁን ማን ያስመዝግብ የሚለው ጠብ በየዓመቱ ጥር ላይ ይነሳል። ልጁ ከዓመቱ ግማሽ በላይ የተኛው የማን ቤት ነው? መልሱ እሱ ነው። የልጅ ክሬዲቱን በፊርማሽ ለአባቱ መልቀቅ ትችያለሽ። የተገኘ ገቢ ክሬዲቱን ግን መልቀቅ አይቻልም፤ ልጁ አብሮት ለሚኖር ወላጅ ነው። የሌላ ሰው ልጅ «ጨምሬልሻለሁ» የሚል ታክስ ሠሪ ካጋጠመሽ ወረቀትሽን ይዘሽ ውጪ። ሲያዝ ተጠያቂዋ ፈራሚዋ ናት፤ ማጭበርበር ከሆነም ለ10 ዓመት ክሬዲቱን ይከለክሉሻል። ቪታ የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች በነፃ ይሠሩልሻል።

ልጄ ቢታመምና ሴሚስተሩን ባቋርጥ ገንዘቡን እመልሳለሁ?

ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ሁሉንም ኮርስ ከተውሽ የተወሰነውን ትመልሻለሽ። 15 ሳምንት ከሆነ ዘጠነኛው ሳምንት አካባቢ ነው ድንበሩ። ስለዚህ ዝም ብለሽ አትጥፊ። ከመውጣትሽ በፊት ቢሮውን አነጋግሪ። አንድ ኮርስ ብቻ ጥለሽ ሌላውን ማቆየት፣ ወይም «ያልተጠናቀቀ» የሚል ውጤት መጠየቅ ይሻል ይሆናል። ውጤትሽ ወርዶ እርዳታው ከተቋረጠም የልጁን የሐኪም ወረቀት ይዘሽ ይግባኝ በይ።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ ይጠብቅሻል። ሐኪም አስፈላጊ ነው ያለውን ያህል ጊዜ በወሊድ ብትቀሪ ከትምህርት ሊያባርሩሽ አይችሉም።

ሜዲኬይድስ?

ስቴትሽ ሜዲኬይድን አስፍቶ ከሆነ፣ እንደ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ዲሲ፣ ዋሽንግተን፣ ሚኒሶታና ኮሎራዶ፣ ገቢሽ ከድህነት መስመር 138 በመቶ በታች ከሆነ ለራስሽም ታገኛለሽ። ቴክሳስ ለአዋቂ በጣም ጠባብ ነው። ልጅሽ ግን እዚያም ሊገባ ይችላል፤ ለልጅ ያለው መስፈርት ሰፊ ነው። ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ ለአዋቂዎች የሥራ ግዴታ ይመጣል። 13 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ የምታሳድግ ወላጅ ግን ነፃ ናት፤ በዕድሳት ጊዜ ይህን በወረቀት ማሳየት እንዳትረሺ።

እርዳታ ብወስድ ግሪን ካርዴን ወይም ዜግነቴን ያበላሽብኛል?

ለዜግነት ስታመለክቺ «ፐብሊክ ቻርጅ» የሚባለው፣ «የመንግሥት ጥገኛ ትሆናለች ወይ?» ብሎ የሚመዝነው ፈተና የለም። ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙም ግሪን ካርድ ሲጠይቁ ነፃ ናቸው። ፈተናው የሚነካው በቤተሰብ በኩል ግሪን ካርድ የሚጠብቁትን የመሰሉ ሰዎችን ነው። በ2022ቱ ደንብ የሚታየው በዋናነት እንደ ታንፍ ያለ ካሽ ነው። ፉድ ስታምፕ፣ ዊክ፣ የዴይ ኬር ድጎማና ፔል አይቆጠሩም። በ2025 መጨረሻ ላይ ግን መንግሥት ይህን ደንብ ለመሻር ሐሳብ አቅርቧል። ማመልከቻሽ ገና ካልተወሰነ፣ ከመፈረምሽ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቂ። የሰፈር ወሬ አይበቃም፣ የእኔም ጽሑፍ አይበቃም።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። በአማርኛ ማነጋገር ይቻላል?

ይቻላል። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ቢሮ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት፤ አማርኛም ከምታገለግልባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» ብለሽ ጠብቂ። ልጅሽን አታስተርጉሚ። የ9 ዓመት ልጅ ስለ እናቱ የኪራይ ዕዳ ለማያውቀው ሰው መናገር የለበትም።

የት እንደምትሄጂ ግራ ከገባሽ 211 ደውዪ። በብዙ ቦታ የአካባቢሽን ምግብ ባንክ፣ የኪራይ እርዳታ፣ ዴይ ኬር ይጠቁሙሻል።

እኔ አባት ነኝ። ይህ ሁሉ ለእናቶች ብቻ ነው?

አይደለም። ሕጉ «ወላጅ» ነው የሚለው። ልጁ ከአንተ ጋር ከኖረ ፔሉም፣ ፉድ ስታምፑም፣ የታክስ ክሬዲቱም፣ የአፓርታማው ነፃነትም ያንተ ነው። ዊክ ቢሮ ገብቶ ለልጁ ማመልከት ለአባትም ይፈቀዳል። ወረፋው ላይ ወንድ አንተ ብቻ ልትሆን ትችላለህ። እኔ ስሄድ አንድ አባት ከመንታ ልጆቹ ጋር ተቀምጦ ነበር፤ የሁላችንንም ጋሪ በር ላይ ሲያግዝ ዋለ።